ሕያው ቅጽር፤ የጓሮን አጥር በተክል ስለ መጋረድ

የሰው ልጅ ይዞታውን የሚለይበትን ወሰን ከድንጋይ ይክባል፣ ከእንጨት ያቆማል፣ በዚህም ዘመን ከቆርቆሮና ከሽቦ ይሠራል፤ ዳሩ ግን ድንጋዩ ሲናድ፣ እንጨቱ በምስጥ ሲበላ፣ ቆርቆሮውም ሲዝግ ባለቤቱ በየጊዜው ገንዘብ እያወጣ የሚያድሰው ሆኖ ሳለ፣ ሥር ሰዶ የቆመ የዕፅዋት አጥር በየክረምቱ ራሱን በራሱ እያደሰ፣ በየዓመቱም እየጠበቀና እየተሰካካ ይሄዳል። ስለዚህ ግቢውን በግንብም ሆነ በቆርቆሮ ያጠረ ሰው ያንን ግዑዝ ገጽ በሐመልማል ለመጋረድ ሲነሣ፣ ጌጥንና ጥቅምን በአንድነት የሚያስገኝለት ሥራ ጀመረ ማለት ነው፤ ሥራው ግን ዕድሜ ያለው ሥራ ነውና ከመጀመሩ በፊት ማሰብን ይጠይቃል።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን አድባራትንና ገዳማትን በጽድ፣ በወይራና በዝግባ ሲከቡ፣ የቅዱሱን ሥፍራ ክብር በዕፅዋት ልምላሜ መጠበቃቸው ነበር፤ ዛሬም በጎንደርና በጎጃም በተራቆተው እርሻ መካከል እንደ ደሴት ብቅ ብሎ የሚታየው የአብያተ ክርስቲያናት ደን፣ የጥንቱ ዱር ቅሬታ መሆኑን ሊቃውንተ ዕፅዋት መስክረውለታል። መጻሕፍት አምላካውያትም ቢሆኑ፣ ጠቢቡ ሰሎሞን በመኃልዩ ሙሽራይቱን በታጠረች ገነት ሲመስላት፣ ነቢዩ ኢሳይያስም የወይኑ ቦታ ጥፋት ከአጥሩ መነቀል እንደሚጀምር ሲያስተምር፣ ዐጸድና አጥር የማይለያዩ መሆናቸውን ያሳያሉ። ገበሬያችንም በበኩሉ በጎጃም በስሚዛ፣ በአገው ምድር በቀርከሃ፣ በትግራይ በቁልቋልና በበለስ፣ በባቲ ቆላ በአይደርቄ ደጃፉን እያጠረ ኖሯል፤ እያንዳንዱም ምድሩ የፈቀደለትን መርጧል።

የከተማው ሰው ግን ችግኝ ሊገዛ ሲሄድ የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም «ቶሎ የሚያድገው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉ በኋላ ሊመጣ ሲገባው ከሁሉ በፊት በመምጣቱ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ግቢውን የሸፈነው ተክል በዐሥረኛው ዓመት ጣራውን ሲያጨልም፣ የግንቡን መሠረት ሲያናጋ፣ ጎረቤትንም ሲያስቀይም ይታያል። በቅን ልቡና የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ አጥሩ ምን እንዲሠራ ይፈለጋል? ቦታው ምንን ሊያበቅል ይችላል? ከአጥሩ ማዶስ ማን ይኖራል? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ የተክሉ ስም ከሞላ ጎደል ራሱ ይገለጣል።

ስለ አጥሩ ግብር

የተክል አጥር የመንገደኛን ዓይን ይጋርዳል፣ ነፋስንና ትቢያን ያበርዳል፣ ከብትንና ሌባን ይከለክላል፣ ለቤቱም ፍሬ ወይም ቅጠል ወይም አበባ ይሰጣል። ይህን ሁሉ በምሉዕነት የሚፈጽም አንድ ተክል ስለማይገኝ፣ ባለቤቱ የትኛው እንደሚበልጥበት በልቡ መቁረጥ አለበት። ከሰው ዓይን መከለል የሚሻ፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉን የማያራግፍና ከምድር ጀምሮ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ያስፈልገዋል፤ ከፍታውም 2 ሜትር ያህል ከሆነ የቆመን ሰው ስለሚጋርድ፣ ለዚህ ግብር 30 ሜትር የሚወጣ ዛፍ መትከል ትርፉ ድካም ነው።

ነፋስን በመከላከል ረገድ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ምንም ቀዳዳ የሌለው ግንብ ነፋሱን ሲገታው፣ የተገታው አየር በላዩ ዘሎ ከማዶው እየተጠማዘዘ ይወርድና በግንቡ ጥግ ያለውን አትክልት ያንገላታል፤ ከአካሉ ግማሽ ያህሉ ክፍት የሆነ የቅጠል አጥር ግን ነፋሱን እያጣራ በዝግታ ስለሚያሳልፈው፣ የሚሰጠው ከለላ ከቁመቱ እስከ ዐሥር እጥፍ ይርቃል። 2 ሜትር የሆነ የቁጥቋጦ አጥር ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ ቢቆም፣ 20 ሜትር የሚሆን የጎመንና የቃሪያ መደብ ከመድረቅ ይተርፋል ማለት ነው። ከትልቅ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰውም ጥቅጥቅ ያለና ሻካራ ቅጠል ያለው ተክል ትቢያውን ይይዝለታል፤ የያዘውንም ዝናብ ያጥብለታል።

ስለ ቦታው ጠባይ

በአገራችን የምርጫ ሁሉ ሥር ከፍታ ነው። ድሬ ዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃንም በ2,800 ሜትር አካባቢ የሚገኙ ስለሆነ፣ በአንዱ ያማረውን በሌላው መመኘት ብዙ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። ለምሳሌ ቡገንቪሊያ በድሬ ዳዋና በሐዋሳ ግንቡን ሁሉ በቀይና በሐምራዊ ቀለም ሲያለብስ፣ በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋ ቅርንጫፉ ይጠቁራል። ይህ ተክል በ1767 እ.ኤ.አ. ቡጋንቪል በተባለው ፈረንሳዊ መርከበኛ ጉዞ ጊዜ ኮሜርሶን የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በብራዚል ያገኘው ነውና፣ የተፈጥሮ አገሩ ሞቃት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ አበባ መስሎ የሚታየውም ክፍል ቀለም ያለው ቅጠል ሲሆን፣ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ትንሽ ነጭ ቀንድ መሳይ ናት።

ከከፍታው ቀጥሎ አፈሩ ይመረመራል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በብዙ ሥፍራ የሚገኘው መረሬ አፈር በክረምት ውኃ አቁሮ ሥርን ያፍናል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥርን ይበጥሳል፤ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ጽድና ወይራ የሚተክል ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ፣ ከጎኑ የውኃ መውረጃ ቦይ ማበጀት ይኖርበታል። የግንቡም ጥግ የራሱ ጠባይ አለው፤ ዝናቡ ከወዲያ ማዶ በመጣ ቁጥር ግንቡ ስለሚከልለው፣ ከሥሩ ያለው አንድ ክንድ ያህል መሬት በክረምት እንኳ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥቋጦ ከግንቡ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ዛፍ የሚሆን ተክል ከዚያም እጅግ ርቆ ይተከል። ቆርቆሮ አጥር ደግሞ በቀትር ፀሐይ እስኪፋጅ ድረስ ስለሚግል ለጋውን ቅጠል ያቃጥላል፤ በላዩ ሐረግ ለማውጣት የሚሻ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጎ ሽቦ ይወጥር፤ ሐረጉም ሽቦውን ይያዝ።

ስለ ተክሎቹ

እሾሃማዎቹ ከብትና ሌባ ለሚያስፈራው ይስማማሉ። ከእነርሱ መካከል በደጋና በወይና ደጋ የመጀመሪያውን ሥፍራ የሚይዘው ኮሽም ነው፤ ጠንካራ እሾህ፣ የማይረግፍ ቅጠል፣ ሲከረከምም ይበልጥ የመጥበቅ ጠባይ ስላለው፣ በአዲስ አበባ በነባር ሰፈሮች ውስጥ ሰው ቀርቶ ድመት የማያሳልፍ የኮሽም አጥር ይገኛል። ወንዱና ሴቱ በተለያየ ግንድ የሚበቅሉ ስለሆነ፣ መራራ ጣፋጭ የሆነችውን ቢጫ ፍሬ የሚመኝ ሰው ከአንድ በላይ ሊተክል ይገባዋል። አጋምም እንዲሁ እሾሃም ሆኖ፣ መዓዛው ያማረ ነጭ አበባና ሕፃናት የሚወዱት ጥቁር ፍሬ ይሰጣል። ቀጋ በሐሩር አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው የጽጌረዳ ወገን ሲሆን፣ በነጭ አበባው ንቦችን፣ በቀይ ፍሬው ወፎችን ይጠራል፤ ቅርንጫፉ እየተንጠለጠለ ስለሚዘረጋ ግን ለጠባብ ግቢ አይመከርም።

ለስላሶቹ ልጆች ለሚጫወቱበት ግቢ ይመረጣሉ። ስሚዛ፣ በሌላ ስሙ ሰንሰል የሚባለው፣ ከቁራጩ ቶሎ የሚበቅል፣ ከብት ብዙ የማይደፍረው፣ ነጭ አበባውም ለንብ የሚስማማ በመሆኑ ከአጥር ተክሎች ሁሉ በርካሽ የሚገኘው ነው። ግራዋ ቅጠሉ ለጠላ ጋን ማጠቢያ፣ አበባው ለንብ ቀለብ ይሆናል፤ ከተቆረጠ በኋላም ደግሞ ያቆጠቁጣል። ጌሾ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ቅጠሉ ለዓይን ደስ የሚል ሆኖ ሳለ ለጠጅና ለጠላ የሚፈለግ ስለሆነ፣ በጓሮ ወሰን ላይ በተርታ የተተከለ ጌሾ ሁለት አገልግሎት በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ውኃ ለሚያጥርበት ድንጋያማ ቦታ ክትክታ አለ፤ ድርቅን የሚታገሥ፣ ቅጠሉን የማያራግፍ፣ እንጨቱም ለመሣሪያ እጀታ የሚሆን ጽኑ ቁጥቋጦ ነው።

ሁልጊዜ ለምለም ከሆኑት ዛፎች ወገን በከተማ በብዛት የሚተከለው የፈረንጅ ጽድ፣ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ ሲከረከም እንደ ግንብ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ቅጠል እስከሌለበት እስከ ቡናማው ቅርንጫፍ ድረስ ከተቆረጠ ዳግመኛ አያቆጠቁጥምና፣ ለጥቂት ዓመታት ሳይከረከም የቆየውን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። የሀገራችን ጽድ በዝግታ የሚያድግ ቢሆንም ዕድሜው ረጅም፣ እንጨቱም ምስጥ የማይደፍረው ስለሆነ፣ ለልጅ ልጅ የሚያስብ ሰው ይተክለዋል። ወይራም እንዲሁ ዝግተኛ ነው፤ ከገረዙት ግን ቅርንጫፉ ሳይባክን ለማጀት ጭስ ይውላል። ባሕር ዛፍን በተመለከተ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያዳነ ባለውለታ መሆኑ ባይካድም፣ ውኃን አጥብቆ የሚስብ፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እንዲበቅል የማያመች፣ የታችኛው ግንዱም እርቃኑን የሚቀር በመሆኑ ለጓሮ መጋረጃነት አልተፈጠረም።

ወተት መሳይ ፈሳሽ ያላቸውን ለብቻ መጥቀስ ያሻል። ቅንጭብ፣ ቁልቋልና አይደርቄ በቆላና በደረቅ አገር ከቁራጭ ብቻ የሚጸድቁ፣ ፍየል እንኳ የማይነካቸው አጥሮች ናቸው፤ ሆኖም የቅንጭብና የቁልቋል ደም ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ሕመም የሚያመጣ፣ ብርሃንንም ሊጎዳ የሚችል ስለሆነ፣ የአይደርቄም ፍሬ መርዛማ ስለሆነ፣ ሕፃናት ባሉበት ግቢ አይተከሉ። የሚቆርጣቸው ሰው ፊቱን ይከልል፤ ፈሳሹ ዓይኑን ከነካውም ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከሐረጎች ወገን ጠምበለል በመዓዛው፣ ፓሽን ፍሩት በፍሬው፣ እንዶድ በአገልግሎቱ ይታወቃሉ። እንዶድ ከሳሙና በፊት የአገራችን ልብስ ማጠቢያ ነበረ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ እንዶድ ታጥቦ በሚወርድበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ፍሬው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ስላረጋገጡ፣ ከጓሮ አጥር ላይ የሚንጠላጠለው ይህ ተክል በዓለም ሳይንስ መዝገብ ሊገባ ቻለ። በአጥራችን ላይ የምናየውን ሁሉ እንደ ተራ ነገር እንዳንቆጥር ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

ስለ አንድ ዓይነት ተክል አደጋ

ለዓይን ወጥ ሆኖ የሚታይ አጥር ያማረ ቢመስልም፣ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ በተርታ መትከል ጠላት በመጣ ጊዜ ሁሉን በአንድ ቀን ለሞት ማቅረብ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ የታየ የጽድ ክሽክሽ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተስፋፍቶ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ኬንያ ሲደርስ የፈረንጅ ጽድ አጥሮችን በየመንደሩ አድርቋል። በትግራይም ቀይ ቀለም እንዲያስገኝ ተብሎ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገባው የበለስ ቀይ ትል ከታሰበለት ቦታ አልፎ በመዛመት፣ ለሰውም ለከብትም ምግብ የነበረውን፣ የደጃፍም አጥር የነበረውን በለስ በደቡባዊው ክፍል ክፉኛ አጥፍቷል። በኮሽም መካከል አጋም፣ በስሚዛ መካከል ጌሾና ግራዋ ቢሰባጠሩ ግን አንዱ ቢታመም ሌላው ቦታውን ይሸፍናል፤ አበባቸውም በየወሩ ስለሚፈራረቅ ንብና ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከግቢው አይጠፉም።

ተቃራኒውም አደጋ ሊታሰብ ይገባል፤ እርሱም የሚተከለው ተክል ራሱ ጠላት የሚሆንበት ጊዜ ነው። የወፍ ቆሎ ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር ከመጣ በኋላ ወፎች ዘሩን እየበተኑት የግጦሽ መሬትን ወርሯል፤ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው ዛፍም በረሃን ያለማል ተብሎ ገብቶ በአፋር ምድር አርብቶ አደሩን ከግጦሹ አፈናቅሎታል። አጥር የሚተክል ሰው እንግዲህ ከግቢው ውጭ ላለው ምድር ጭምር ተጠያቂ ነው።

ስለ አተካከልና ስለ አገራረዝ

ዝናብ በሚጸናበት አገር የመትከያው ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ችግኙ የክረምቱን ሁለት ወር ሙሉ አግኝቶ ሥሩን ካላወረደ የመጀመሪያውን በጋ አይሻገርምና። ለየችግኙ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ በአጥሩ ርዝመት ሁሉ ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፍሮ፣ የላይኛውን አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መመለስ ይሻላል። እንደ ስሚዛና ኮሽም ያሉ ቁጥቋጦዎች ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የፈረንጅ ጽድም ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ተራርቀው ይተከሉ፤ ስፋት ባለበት ቦታ ሁለት ረድፍ አድርጎ አንዱን በሌላው ክፍተት አንጻር ማቆም መጋረጃውን ፈጽሞ ይዘጋዋል። ቅንጭብና ቁልቋል በቁራጭ ሲተከሉ የተቆረጠው ጫፍ ለጥቂት ቀናት በጥላ ደርቆ ቁስሉ እስኪገጥም ይቆይ፤ እርጥብ እንዳለ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ በብዛት ማጠጣትና ሥሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ በየቀኑ በጥቂቱ ከመርጨት ይበልጣል፤ ጥልቅ እርጥበት ሥርን ወደ ጥልቅ ይመራልና።

ከመትከል የማያንስ ነገር መግረዝ ነው። የተክል ጫፍ ቡቃያ ከበታቹ ያሉትን ቡቃያዎች እንዳይነሡ የሚከለክል ኃይል ስላለው፣ ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ጫፉን የቆረጠለት ሰው የተኙትን ቡቃያዎች ቀስቅሶ አጥሩ ከሥሩ እንዲጠብቅ ያደርጋል፤ ሳይነካው ቁመት ይጨምርልኝ ብሎ የጠበቀ ግን ከላይ ቅጠል ከታች ባዶ የሆነ ረድፍ ያተርፋል። ሲከረከምም ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ ይሠራ፤ አናቱ ከሥሩ የሰፋ እንደሆነ በላዩ ጥላ የታችኛው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይረግፋል። ዋናው ክርከማ ክረምት ሲወጣ፣ ወፎችም ጎጇቸውን ከለቀቁ በኋላ መሆኑን መመልከት ደግሞ የርኅሩኅ ሰው ምግባር ነው።

ለፍጥነት የሚቸኩል ሰው አሁን ጥያቄው ይመለስለት። ዝግተኛውን ጽድ ወይም ኮሽም በረድፉ ተክሎ፣ ከኋላው ባለው ቆርቆሮ ላይ በተወጠረው ሽቦ ፓሽን ፍሩት ቢያወጣ፣ ሐረጉ ዕድሜው አጭር ቢሆንም በአንድና በሁለት ዓመት ገጹን ይጋርድለታል፤ ሐረጉ በሚያረጅበት ጊዜም ቁጥቋጦው ለግብሩ ደርሶ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ቸኩሎ የሚጸጸትበትን ተክል ሳይመርጥ ፈቃዱ ይሞላለታል።

ስለ ጎረቤት

አጥር ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ፊቱ ለተከለው ሰው ሲሆን ሁለተኛው ለጎረቤቱ ነው። ጥላው ወደ እርሱ ጓሮ ይወድቃል፣ ሥሩ ወደ እርሱ መሬት ይሄዳል፣ ቅጠሉ በእርሱ ጣራ አሸንዳ ይከማቻል፣ እሾሁም የእርሱን ልጆች ይወጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለይዞታ በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ እንዳይጎዳ የሚያዘው፣ የአንዱ ደስታ የሌላው መከራ እንዳይሆን ነው። ሆኖም ሕጉ የሚጠራው ፍቅር በጎደለበት ቦታ ነውና፣ ነገሩ ወደ ዳኛ ሳይደርስ በምክር ሊያልቅ ይገባዋል፤ የጎረቤት ፈቃድ ያለበት አጥር ከሁለቱም ወገን ስለሚከረከምና ውኃ ስለሚጠጣ ከሁሉ ይልቅ ይጸናል፣ ያለ ፈቃዱ የቆመው ግን በአንድ ወገን ለምቶ በሌላው ወገን ይጨፈጨፋል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ፣ ገንዘብም ለችግኝ ሳይወጣ፣ ባለቤቱ ጎረቤቱን ወደ ወሰኑ ጠርቶ፣ የሚተከለውን ተክል ስም፣ የሚቆምበትን ርቀትና የሚከረከምበትን ከፍታ ከእርሱ ጋር ይቁረጥ፤ ከምርጫው ሥራ ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።